የጀርመን የቁስለኛ ባጅ ማን እንደሠራው ከጀርባው እንዴት ይለያል?

የጀርመን የቁስለኛ ባጅ፣ ማለትም በጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ይሰጥ የነበረ ምልክት፣ ፎቶ ይላክልኛል። ፊቱ ጥርት ብሎ ተነሥቷል። የብረት ቆቡ፣ የተጠላለፉት ሰይፎች፣ ዙሪያውን የከበበው የሎረል ቅጠል ጉንጉን፣ ሁሉም ይታያል። ከሥሩ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ጀርባውስ? የለም። ወይ ደግሞ አለ፣ ግን ብዥ ብሏል። ካልሆነም ሰውየው ጀርባው ላይ «ኤል/11» የሚል የአምራች ቁጥር አይቶ ነገሩን ጨርሷል፤ ከእኔ የሚፈልገው ዋጋውን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥር ማለት አንድ የመዶሻ ምት ነው። ዛሬ ማታ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው ሊመታው ይችላል። ማጠፊያውን፣ መርፌውንና መንጠቆውን ግን አንድ ወርክሾፕ በለመደው እጅና በለመደው መሣሪያ ሲሠራቸው ኖሯል፤ አስመሳዩ ደግሞ ፊቱን ሲያሳምር አብዛኛውን ጊዜ ለእነሱ ብዙም አይጨነቅም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነበበው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄን ቅደም ተከተል ካልጠበቃችሁ፣ ቁጥሩን አንዴ ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁ የሚያየው ቁጥሩን የሚደግፈውን ብቻ ነው። እኔም የመጀመሪያ ገንዘቤን የበላኝ ይሄው ነው፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዚህ በታች «የጀርባ ዕቃ» ስል ሦስቱን ማለቴ ነው፦ ከላይ ያለው ማጠፊያ፣ ቁልቁል የሚወርደው መርፌ፣ ከታች መርፌውን የሚይዘው መንጠቆ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጀርመን የምትኖሩ፣ ይሄን አትዝለሉት። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ ስዋስቲካን በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል፤ ቅጣቱ መቀጮ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት ነው። ባጁን ቤት ውስጥ መያዝ አይከለከልም። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ፊቱን ለሰው ስታሳዩ ስዋስቲካውን በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ሸፍኑት። የአገሩ ጨረታ ቤቶችም ካታሎጋቸው ላይ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። እኛ የምንፈልገው በዋናነት ጀርባውን ስለሆነ ብዙ አይጎድልብንም።

የሚያስፈልጋችሁ ይሄ ነው፦

- 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር። የስልክ ካሜራ ብቻውን አይበቃም።
- ዲጂታል ካሊፐር። እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚለካ ይበቃል።
- እስከ 0.1 ግራም የምትመዝን ትንሽ ሚዛን።
- ትንሽ ማግኔት፣ በክር የታሰረ። ክሩ ለምን እንዳስፈለገ ደረጃ 2 ላይ ታያላችሁ።
- ከጎን የሚበራ አምፖል። የጠረጴዛ መብራት ይሆናል።
- አልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ካገኛችሁ።
- ለስላሳ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ እርሳስ።

የማያስፈልጋችሁን ደግሞ ልንገራችሁ፦ የብረት ማጽጃ፣ ኮምጣጤ፣ አሴቶን፣ የጥርስ ብሩሽ። አታጽዱት። መርፌው ሥር ያለው ቆሻሻ፣ ዝገትና የተላጠ ቀለም ማስረጃችሁ ነው። አሴቶን ጥቁሩን ቀለም ሊልጠው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማጠፊያው ከቀለሙ በፊት ይበየድ ከቀለሙ በኋላ ማወቅ አትችሉም።

መርፌውንም እንደ ጃኬት ፒን ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት። ዕቃው 80 ዓመት አልፎታል። ማጠፊያውን በአንድ እጅ ጣት ደግፉና በሌላው መርፌውን ቀስ ብላችሁ ከመንጠቆው አውጡት። የሚቃወማችሁ ከሆነ ተዉት፤ ሳይከፈትም ብዙ ነገር ማየት ይቻላል። የዚንክ ማጠፊያ ሲሰበር ድምፁ ቀጭን ነው፤ ቀጭ ይልና ያበቃል።

## ደረጃ 1፦ የትኛው ባጅ እንደሆነ ወስኑ

እዚህ ጋ ብዙ አትቆዩ። ግን ከተሳሳታችሁ ቀጣዩ ሁሉ ይበላሻል።

- ቆቡ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይነት ከሆነና ስዋስቲካ ከሌለው፣ የ1918ቱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የባህር ኃይሉ በቆቡ ፈንታ መልህቅ አለበት።
- ያው የድሮ ቆብ ሆኖ ስዋስቲካ ከተጨመረበት፣ በ1939 ግንቦት ላይ በስፔን ጦርነት ለቆሰሉ የተደነገገው ነው።
- ቆቡ አዲሱ ዓይነት ሆኖ ስዋስቲካ ካለው፣ ከመስከረም 1939 ጀምሮ የተሰጠው ነው። አብዛኛው ሰው እጅ ያለው ይሄ ነው። መመሪያውም በዋናነት ለእሱ ነው።
- ቆቡ አዲሱ ዓይነት ሆኖ ስዋስቲካ ከሌለው፣ ከ1957 ሕግ በኋላ የተሠራ ነው። የድሮ ወታደሮች በሕግ እንዲያደርጉት የተፈቀደው ይሄኛው ነው።

የመጨረሻውን ልብ በሉት። የ1957ቱን ባጆች ከሠሩት አንዱ በጦርነቱም ጊዜ ሲሠራ የነበረው ሽታይንሃወር እና ሉክ ነው። ያው ድርጅት በሁለቱም ዘመን ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ የ1957 ባጅ ጀርባ ከጦርነቱ ዘመን ባጅ ጋር ተመሳሰለ ብላችሁ አትደነቁ፣ ለማወዳደሪያም አትጠቀሙበት።

ሐምሌ 20 ቀን 1944 ሂትለርን ለመግደል በተጠመደው ቦምብ ለተጎዱት የተሰጠው ልዩ ባጅም አለ፤ ቀኑ ፊቱ ላይ ተጽፏል። አንድ ሰው «አገኘሁ» ካላችሁ ሳቁና እለፉ።

## ደረጃ 2፦ ብረቱን ለዩ

ባጁን ገልብጡት። ጀርባው ጎድጓዳ ነው ወይስ ድፍን?

ጥቁሩ፣ ማለትም ለ1 ወይም ለ2 ጊዜ ቁስለት የሚሰጠው፣ ብዙውን ጊዜ ከስስ ላሜራ ተመትቶ የወጣ ስለሆነ ጀርባው ጎድጓዳ ነው። የፊቱ ቅርጽ በጀርባው ተገልብጦ ይታያል። ብሩና ወርቁ ግን በአብዛኛው ድፍን ናቸው። ብር ለ3 ወይም ለ4 ጊዜ፣ ወርቅ ለ5 እና ከዚያ በላይ ነበር። ስማቸው ብርና ወርቅ ይሁን እንጂ ሥራቸው ቅብ ነው።

አሁን ማግኔቱን በክሩ አንጠልጥላችሁ አስጠጉት። በእጅ ከያዛችሁት ደካማውን ስበት አታውቁትም፤ በክር ሲንጠለጠል ግን ትንሿን ስበት እንኳ ያሳያችኋል።

- የባጁ ገላ ከሳበው ብረት ነው።
- ካልሳበውና ቀለሙ በተላጠበት በኩል ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነገር ከታየ፣ ናስ ወይም ቶምባክ ነው። ቶምባክ መዳብ የበዛበት የናስ ዓይነት ነው።
- ካልሳበውና የተላጠው ቦታ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ነው። ዚንክ በጦርነቱ የኋለኛ ዓመታት በዛ።

ማግኔቱ ገላውን ትቶ መርፌው ላይ ብቻ ቢንጠለጠል አትደንግጡ። የቶምባክ ወይም የዚንክ ገላ የብረት መርፌ ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱን ለየብቻ ጻፉ፦ «ገላ፦ አይስብም። መርፌ፦ ይስባል። መንጠቆ፦ አይስብም።» ይህቺ መስመር በኋላ ወርቅ ናት።

ካልሠራስ? ቀለሙ ሁሉንም ሸፍኖ ገላው ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ለማየት ብላችሁ አትፋቁት። የጠርዙን ዙሪያ በአጉሊ መነጽር ተከተሉ። የሆነ ቦታ ላይ ልብስ ፍቆት የተላጠ ነጥብ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ በመርፌው ጫፍ አካባቢ ነው።

## ደረጃ 3፦ ማጠፊያው (እዚህ ጋ ቁጭ በሉ)

ከሦስቱ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። መብራቱን ከጎን አድርጉና መጀመሪያ ሳትለኩ ብቻ እዩት። ከአራቱ አንዱ ይሆናል።

ሀ. የታጠፈ ላሜራ። አንድ ቁራጭ ላሜራ ተጣጥፎ የመርፌውን ጫፍ አቅፎታል። የታጠፈበትን ጠርዝ እዩ። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል ወይስ ክብ ናቸው? ሁለቱ እኩል ናቸው?

ለ. የቱቦ ማጠፊያ። የበር ማጠፊያን አስቡት። ሁለት ትናንሽ ቱቦዎች ገላው ላይ፣ አንዱ በመሐል መርፌው ላይ፣ በመሐላቸው የሚያልፍ ዘንግ። የዘንጉን ሁለት ጫፎች ፈትሹ፦ ተመትቶ ጠፍጥፏል ወይስ ዝም ብሎ ተቆርጧል?

ሐ. ድፍን ማጠፊያ። አንድ ትንሽ የብረት ኩብ መሐሉ ተሰንጥቆ የመርፌው ጠፍጣፋ ጫፍ ገብቶበታል። በጎን በኩል የዘንጉ ራስ እንደ ነጥብ ይታያል። የስንጥቁን ስፋትና ጥልቀት ለኩ።

መ. ከገላው ጋር አብሮ የወጣ። ዚንክ ላይ ነው የሚታየው። የተበየደ ነገር የለም። ጆሮዎቹ ከገላው አብረው ወጥተው መርፌው በመሐል ገብቶ ጆሮዎቹ በመቆንጠጫ ተጨምቀዋል። የመቆንጠጫውን ጥርስ ዱካ ፈልጉ።

ዓይነቱን ካወቃችሁ በኋላ ለኩ። ሦስት ልኬት ይበቃል፦ የማጠፊያው ስፋት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከገላው ወለል ያለው ከፍታ፣ ከባጁ የላይኛው ጠርዝ ያለው ርቀት። ሦስተኛውን ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁለቱ ይልቅ የማምነው እሱን ነው። ብዙ ሠራተኛ ያለበት ወርክሾፕ ማጠፊያውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለለመደ፣ የእጅ ሥራ ቢሆንም እንኳ ርቀቱ ከባጅ ባጅ ብዙ አይለዋወጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ «የቱቦ ማጠፊያ አለው፣ ስለዚህ የእገሌ ነው» ብሎ ነገር የለም። አንድ ዓይነት ማጠፊያ በብዙ አምራቾች ባጆች ላይ ይገኛል። ዶይመርም፣ ሽታይንሃወር እና ሉክም፣ ፉንኬ እና ብሩኒንግሃውስም አንድ ከተማ ውስጥ፣ ሉደንሻይድ ነበሩ። ጎረቤታሞች ናቸው። የጀርባ ዕቃቸው ቢመሳሰል ምኑ ይገርማል? የምትፈልጉት የማጠፊያ ዓይነት ከልኬቱ፣ ከቦታው፣ ከመርፌውና ከመንጠቆው ጋር ሲገጥም ነው።

## ደረጃ 4፦ መርፌው

ፈጣን ነው። ክብ ሽቦ ነው ወይስ መሐሉ ላይ ሰፋ ብሎ የተጠፈጠፈ? ጫፉ ቀስ እያለ ይሾላል ወይስ በድንገት? ወደ ማጠፊያው የሚገባው ጫፍ የተጠቀለለ ነው፣ የተቀጠቀጠ ነው ወይስ የተበሳ? ውፍረቱን መሐሉ ላይ ለኩ፣ ርዝመቱንም ጻፉ።

መርፌ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበርና የሚቀየር ዕቃ ነው። ብዙ ክብደት አትስጡት። ሌላው ሁሉ ገጥሞ መርፌው ብቻ ካልገጠመ፣ «መርፌው ተቀይሮ ይሆናል» ብላችሁ ጻፉና ቀጥሉ። መርፌው ብቻ ገጥሞ ሌላው ካልገጠመ ግን ምንም አላገኛችሁም።

## ደረጃ 5፦ መንጠቆው

መንጠቆውን ከጎን እዩት፤ ከላይ ብቻ ካያችሁት ምንም አይነግራችሁም። ከክብ ሽቦ ተጠምዝዞ የተሠራ ነው? ከጠፍጣፋ ሽቦ? ወይስ ከላሜራ ተቆርጦ የታጠፈ? ቅርጹስ እንደ ጨረቃ ክብ ነው ወይስ አንገቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ራሱ ብቻ ታጥፏል?

ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በመነጽር ፈልጉ። በመቁረጫ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ እንደ ጣሪያ በሁለት ተዳፋት ይጨርሳል። የተሞረደው ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ጭረትም አለው። አንድ ወርክሾፕ ጫፍ የሚሞርድ ከሆነ ይሞርዳል፤ የማይሞርድ ከሆነ አይሞርድም። እኔ ሁለት ምልክት የሌላቸውን ጥቁር ባጆች የለየኋቸው በዚህ ነው። ማጠፊያቸው አንድ፣ መርፌያቸው አንድ፣ የአንዱ መንጠቆ ጫፍ ግን በጥንቃቄ ተሞርዶ ክብ ሆኗል፤ የሌላው ጣትን ይቧጭራል።

እግሩንም አትርሱ። መንጠቆው በቀጥታ ገላው ላይ ቆሟል? ወይስ ከሥሩ ትንሽ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሳህን አለ? ወይስ ገላው ላይ በተዘጋጀ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል?

## ደረጃ 6፦ እንዴት ተያያዘ?

አስመሳዩም ጠጋኙም የሚያዘው እዚህ ነው። ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

ጥቁሩን ባጅ አስቡ። በትክክለኛው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ማጠፊያውና መንጠቆው ይበየዳሉ፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ስለዚህ ጥቁሩ ቀለም በስታኞው (ቀልጦ በሚያያይዛቸው መበየጃ) ላይ መውጣት አለበት። በአጉሊ መነጽር የመንጠቆውን እግር ስታዩ ቀለሙ ከገላው ተነሥቶ፣ በስታኞው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ መንጠቆው አንገት ላይ ሲያልቅ ትመለከታላችሁ። እኔ ጋ ያለው አንዱ እንዲህ ነው፤ እግሩ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ ከስንጥቁ ውስጥ ብርቱካናማ ዝገት ብቅ ብሏል፣ ስታኞው ራሱ ግን ከቀለሙ ሥር ነው።

ስታኞው የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከቀለሙ በላይ ከተቀመጠ፣ በዙሪያውም ቀለሙ ከተቃጠለ፣ በኋላ የተበየደ ነው። ባጁ የግድ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ወታደሩ ራሱ አስጠግኖት ይሆናል። ነገር ግን ያ መንጠቆ ስለ አምራቹ ከእንግዲህ ምንም ሊመሰክርላችሁ አይችልም። ደረጃ 8 ላይ ከምትሞሉት ካርድ አውጡት።

ዚንክ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ዚንክ 419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ስታኞም እንደ ናስ አይቀበልም። ለዚህ ነው የዚንክ ባጆች ላይ ጉድጓድ ውስጥ የገባ፣ የተጨመቀ፣ ወይም ከገላው አብሮ የወጣ የጀርባ ዕቃ የምታዩት። ለዚህም ነው መንጠቆ የወደቀባቸው የዚንክ ባጆች የሚበዙት። መንጠቆው የወደቀበት ቦታ ላይ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ዱካ ይቀራል። ዱካውን ለኩት! መንጠቆው ባይኖርም ዱካው አለ።

አሁን መብራቱን አጥፉና አልትራቫዮሌቱን አብሩ። ብዙ ዘመናዊ ሙጫዎች ሰማያዊ ወይም ነጣ ያለ ብርሃን ይሰጣሉ። እግሩ ሥር ቀለበት ሠርቶ ካበራ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ሥራችሁም እዚህ ጋ አለቀ። አለማብራቱ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው ቶሎ የሚያጋልጥ ነገር፦ መንጠቆው የሚሽከረከር ትንሽ መቆለፊያ ካለው፣ ከጌጣጌጥ ዕቃ መሸጫ የተገዛ የዘመናችን የብሮሽ ዕቃ ነው። በነጠላ ላይ የሚደረጉት ብሮሾች ጀርባ ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ።

## ደረጃ 7፦ አሁን ቁጥሩን አንብቡ

አሁን ብቻ! ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፣ አታደባልቋቸው።

ኤል ያለበት ቁጥር ለግል ሽያጭ ነው። ከ1941 ጀምሮ የኒሻን አምራቾች ማኅበር ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች የመቱት ነው። ወታደሩ ትርፍ ባጅ ከሱቅ ሲገዛ የሚያገኘው እሱን ነው። ኤል የሌለው ባዶ ቁጥር ደግሞ ፕሬዚዲያልካንስላይ የሚባለው የርእሰ ብሔሩ ጽሕፈት ቤት ለመንግሥት አቅራቢዎች የሰጠው ነው።

- 3 ወይም ኤል/11፦ ቪልሄልም ዶይመር፣ ሉደንሻይድ
- 4 ወይም ኤል/16፦ ሽታይንሃወር እና ሉክ፣ ሉደንሻይድ
- ኤል/56፦ ፉንኬ እና ብሩኒንግሃውስ፣ ሉደንሻይድ
- 26 ወይም ኤል/18፦ ቤ. ሃ. ማየር፣ ፎርትስሃይም
- 65 ወይም ኤል/26፦ ክላይን እና ክቬንትሰር፣ ኢዳር ኦበርሽታይን
- 30፦ የቪየና ዋና የሳንቲም ማተሚያ ቤት
- 107፦ ካርል ቪልድ፣ ሃምቡርግ

26 እና ኤል/26ን ተመልከቱ። ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ በሁለት የተለያዩ ከተሞች። ኤሏ ተፍቃ የማትታይ ከሆነ ባጁን ለተሳሳተ ሰው ትሰጡታላችሁ። ስለዚህ ከቁጥሩ በስተግራ ያለውን ባዶ ቦታ ከጎን በሚመጣ መብራት መርምሩት። የተፋቀች ኤል ጥላ ትጥላለች።

ቀጥሎ የምቱን ጠርዝ እዩ። ቁጥሩ የተመታው ከቅቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በቁጥሩ ውስጥ ያለው ቀለም ወይም ዝገት ከጎረቤቱ ገላ ጋር አንድ ከሆነ ጥሩ ነው። ጎረቤቱ ጠቁሮ የቁጥሩ ጉድጓድ ውስጥ ብሩህ ብረት ከታየ፣ ቁጥሩ የትናንት ነው።

የኔን ኪሳራ እዚህ ልንገራችሁ። ከአንድ የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ብር የሚመስል ባጅ ገዛሁ። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል። ሻጩም ደጋግሞ ጣቱን ቁጥሩ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ሌላው ቦታ ላይ አላስቀመጠም፣ እኔም ሌላ ቦታ አላየሁም። ቤት ገብቼ ገልብጬ ሳየው መንጠቆው ከጎን ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል። በመብራት ሥር ሙጫው እንደ ወተት አበራ። ማጠፊያውም ያ ቁጥር ካላቸው ከማውቃቸው ባጆች በ2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። በስድስት ደቂቃ የጨረስኩት ምርመራ ነው። ገበያው ላይ ባደርገው ኖሮ!

## ደረጃ 8፦ ካርድ ሥሩና አወዳድሩ

ምልክት የሌለውን ባጅ ለመለየት የሚቻለው፣ ምልክት ያላቸውንና የማያጠራጥሩትን ቀድማችሁ ከመዘገባችሁ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ። ሙዚየም ውስጥ ያለም፣ የጓደኛም፣ በጨረታ ካታሎግ ላይ ጀርባው በደንብ የተነሣም ይሆናል። አሞላሉ እንዲህ ነው፦

*ጥቁር፣ ጎድጓዳ፣ ገላው ይስባል። ማጠፊያ፦ የታጠፈ ላሜራ፣ ስፋት 5.1፣ ከላይ ጠርዝ 6.0። መርፌ፦ ክብ፣ መሐሉ 1.3፣ ይስባል። መንጠቆ፦ ክብ ሽቦ፣ ጫፉ የተሞረደ፣ ሳህን የለውም። ስታኞ፦ ከቀለም ሥር። ቁጥር፦ የለም።*

ልኬቶቹ ለምሳሌ ነው እንጂ የማንም አይደሉም። እናንተ የለካችሁትን ነው የምትጽፉት።

ከዚያ ፊቱን አምጡ። አዎ፣ አሁን ፊቱ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አምራች የራሱ የብረት ማተሚያ ስላለው፣ በቆቡ ዙሪያ ባለው መደብ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች አደራደር፣ የሰይፎቹ መያዣ፣ ቅጠሎቹ ከሥር የሚታሰሩበት ቋጠሮ፣ እነዚህ ከአምራች አምራች ይለያያሉ። ምልክት ካለው ባጅ ፊት ጋር ጎን ለጎን አድርጉና ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። የጀርባው ዕቃም የፊቱ ማተሚያም ከአንድ ካርድ ጋር ከገጠሙ፣ አምራቹን አገኛችሁት።

መጠኑንም ለኩ፦ ቁመቱ 44፣ ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከእውነተኛ ባጅ ላይ ቅርጽ ተወስዶ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ፣ ብረቱ ሲበርድ ስለሚሰበሰብ ከአባቱ ትንሽ ያንሳል። ጀርባውም ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ።

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

የጀርባው ዕቃ ከሁለት አምራቾች ካርድ ጋር ገጠመ። ይሄ ይበዛል። አትወስኑ፤ ሁለቱንም ስም ጻፉ። የሚለያቸው ፊቱ ነው። ፊቱም ካልለያቸው ሁለቱ ስሞች እዚያው ይቆዩ።

የጀርባው ዕቃ የአንዱ፣ የፊቱ ማተሚያ የሌላው ሆነ። መጀመሪያ ደረጃ 6ን ድገሙት። ጥገና ከሌለው ካርዳችሁን ጠርጥሩ። ለማወዳደር የተጠቀማችሁበት ባጅ ራሱ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል። እኔ አንዴ አንድ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ካርድ ስለካ ከርሜያለሁ።

መርፌው የለም። ማጠፊያው በቂ ነው። የዘንጉን ቀዳዳ ስፋት ለኩ፤ የመርፌው ጫፍ ምን ዓይነት እንደነበር ስንጥቁ ይነግራችኋል።

ሁሉም ወድቋል፣ ገላው ብቻ ቀርቷል። በሁለቱ ዱካዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩና በፊቱ ላይ ተማመኑ። «ምናልባት» ከሚለው ቃል በላይ አትሂዱ።

ቁጥሩ በዝገት ተበልቷል። ስስ ወረቀት አስቀምጡበትና እርሳሱን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አሽሹት። ልጅ ሆነን ሳንቲም ላይ እንደምናደርገው። ምስማር አታስገቡ፣ ዝገት ማስለቀቂያም አትቀቡ።

ሻጩ ጀርባውን ፎቶ አንሥቶ ለመላክ ፈቃደኛ አይደለም። አትግዙ።

መንጠቆው እጃችሁ ላይ ወደቀ። ይደርሳል። አትበይዱት፣ አታጣብቁት። መንጠቆውን በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ከባጁና ከካርዱ ጋር አስቀምጡ፣ ካርዱ ላይ የወደቀበትን ቀን ጻፉ። አሁን ደግሞ ከሥሩ የነበረው ተከፍቶላችኋልና መብራቱን ከጎን አድርጉ፣ አጉሊ መነጽሩን አንሡ፣ ከደረጃ 6 እንደገና ጀምሩ።